የዳልቻና የቡሬ መቀናጆ

ከጊንጪ ወረድ ብሎ፣ የአምቦው አስፋልት ሜዳውን ሰንጥቆ በሚያልፍበት አካባቢ፣ አንድ ገበሬ ነበረ። ሀብቱ አንድ በሬ ነው፤ ስሙ ዳልቻ። ደረቱ ሰፊ፣ ሻኛው ጉብታ የሚያህል፣ ሲራመድ መሬት የሚደልቅ በሬ ነው። ባለቤቱ ጠላ ቤት ሲቀመጥ «እኔ ሁለት በሬ አያስፈልገኝም፤ ዳልቻ ብቻውን ሁለት ነው» ይል ነበር።

መሬቱ ኮትቻ ነው፤ ሌላው አገር ዋልካ የሚለው። ኮትቻን ያላረሰ ሰው ይህን ምሳሌ በግማሽ ጆሮው ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ ስለ አፈሩ ትንሽ ልበል። በበጋ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል። ዝናብ ሲያገኘው ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ውሃ አላሳልፍም ብሎ ማሳው ላይ ያቁራል። ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲርስ ሊጥ፤ በሁለቱ መካከል ለማረሻ የሚመቸው ጊዜ አጭር ነው። የእርሻ ተመራማሪዎች ጊንጪ ድረስ መጥተው ውሃውን የሚያጠነፍፍ መደብ እያወጡ ሲሞክሩ የኖሩት በዚሁ አፈር ምክንያት ነው። ጤፍ ደግሞ አንድ ጊዜ ታርሶለት አይበቃውም፤ ይደገምለታል፣ ይሰለስለታል።

በሬ ያነሰው ሰው ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። እንደሱው አንድ በሬ ካለው ሰው ጋር ይቀናጃል፤ አንድ ቀን የዚህን፣ አንድ ቀን የዚያን መሬት ያርሳሉ። ከገበሬው ማሳ አጠገብ የምትኖር አንዲት ባልቴት ነበረች፤ እሷም ያላት ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ብቻ። ግንቦት ሊያልቅ ሲል መጥታ አጥሩ ላይ ቆመች።

«ልጄ፣ ለምን አንቀናጅም? ያንተ ዳልቻ፣ የኔ ቡሬ።»

ገበሬው ቡሬን ከሩቅ አየው። አንገቱ ቀጭን ነው፣ ቁመቱ ከዳልቻ ትከሻ አይደርስም። ከሁሉም ያልወደደለት ግን አንድ ጠባዩን ነበር። «እማማ፣ አይቆጡኝና ይኼ በሬዎ ሲጠጣና ሲሸና ነው የሚውለው። ከዳልቻ ጎን ባቆመው እሱኑ ያዘገይብኛል። ደግሞስ የዝናቡን ቀን እኩል ከተካፈልን የኔ መሬት መቼ ሊታረስ ነው?»

«እንግዲህ እንዳልክ» አለችና ተመለሰች።

ገበሬው ለአንድ በሬ የሚሆን አጭር ቀንበር አስጠረበ። በነገራችን ላይ ይህ ተረት ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገ የከብት ምርምር ማዕከል በአንድ በሬ የሚያርስ ቀንበር ሠርቶ ሞክሮ ነበር። ሐሳቡ ለድሃ ገበሬ የታሰበ ነበር፤ ገበሬው ግን ብዙም አልተቀበለውም። በአማርኛ መሬት የሚለካው በጥማድ ነው፤ በአንድ በሬ የሚለካ መሬት የለንም።

ዳልቻ የመጀመሪያውን ሳምንት አላሳፈረውም። ማረሻው ገባ፣ ፈሩ ቀና። ሰኔ ገብቶ አፈሩ ሲጠብቅ ግን የቀኑ ሥራ አነሰ። ገበሬው «አቅም አንሶት ነው» ብሎ መኖውን እጥፍ አደረገለት። ጅራፉንም እጥፍ አደረገ። የተገኘውን ማታ ላይ በእርምጃ ለካው፤ ትናንት አምስት ትልም ካወጣ፣ ዛሬ በእጥፍ መኖና በእጥፍ ጅራፍ ያወጣው ስድስት ነው። አንዲት ትልም። ሦስተኛው ቀን ላይ የዳልቻ የኋላ እግሮች ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አብጠው አደሩ። ገበሬው እብጠቱን በጣቱ ሲጫነው ጉድጓዱ ቀረ።

«እንግዲያው ሁለተኛ በሬ ነው የሚያስፈልገው» አለ። እዚህ ላይ ልክ ነበር። ግን ወደ ባልቴቷ መመለሱ አሳፈረውና ካማቹ በሬ ተዋሰ። ወይኖ ይባላል፤ ግዙፍ፣ የዳልቻ ወንድም የሚመስል። አማቹ ያልነገረው፣ እሱም ያልጠየቀው አንድ ነገር ነበር። ዳልቻ ያደገው በቀኝ በኩል እየተጠመደ ነው፤ ወይኖም እንደዚያው። ቀንበሩ ሲጫንባቸው ሁለቱም የሚያውቁትን ቦታ ፈለጉ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ፈር ገቡ። ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ፣ ሞፈሩ ተንጋደደ፣ ምራኑ ተበጠሰ። ጉልበቱ በእርግጥ የሁለት በሬ ጉልበት ነበር፤ የታረሰው መሬት ግን ዳልቻ ብቻውን ከሚያርሰው አልበለጠም፤ ማታ ሲፈቱ ሁለቱም ያነክሱ ነበር።

በማግስቱ ገበሬው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ባልቴቷ ደጅ ቆመ። ሴትዮዋ ነገር አላነሳችበትም። ቡሬን ፈታ አወጣችና «ይሄ የግራ ነው» አለችው። «ጉልበቱን አይተህ ናቅኸው። ጉልበቱ አይደለም ቁም ነገሩ፤ ዳልቻ የማይሄድበትን ነው የሚሄደው። አሁን ዳልቻን እንደ በፊቱ እንዳትገርፈው፤ ግማሹ ይበቃዋል። ቡሬንም ከግማሽ በላይ አትጠይቀው።»

ገበሬው «ግማሽና ግማሽ አንድ ነው፤ ምን ተረፈን?» ብሎ በልቡ አጉረመረመ። ግን አረሰ። ዳልቻ ቀኙን፣ ቡሬ ግራውን ይዘው ሲሄዱ ማረሻው ሳይንጋደድ ወደ ታች ገባ። ዳልቻ ፈሩን ሲከፍት፣ ቡሬ በሄደበት በኩል ያቆረው ውሃ እየቀደደ ወረደ። ማታ ላይ ገበሬው በእርምጃ ሊለካ ወጣና መቁጠሩን መሐል ላይ ተወው፤ እንዲህ ያለ ቀን አይቶ አያውቅም። በሳምንቱ የዳልቻ እግር እብጠት ጎደለ።

ባልቴቷ ግን አንድ ልማድ ነበራት፤ ገበሬው መጀመሪያ ላይ ይስቅባት ነበር። በሬዎቹ በተፈቱ ቁጥር ትመጣና መዳፏን ቀንበሩ በሚያርፍበት ሥጋ ላይ ታሳልፋለች። መጀመሪያ የዳልቻን፣ ቀጥሎ የቡሬን። እግራቸውን ታያለች፣ ዓይናቸውን ትገልጣለች፣ ጠጥተው እንደሆነ ትጠይቃለች። አንድ ማለዳ ቡሬ ተቅማጥ ይዞት አደረ። ሰማዩ ጠርቶ ነበርና ገበሬው ቀንበሩን አነሳ። «አስቀምጠው» አለችው። «በሬው በሆዱ ውሃውን ጨርሷል። ዛሬ ብትጠምደው ከፈሩ ላይ ይወድቅልሃል። እስኪያገግም ይረፍ፣ ከዚያ እንጠምዳለን።» ሁለት ቀን አረፈ፤ በሦስተኛው ተጠመደ።

መሬቱ ተደገመ። አፈሩ በእጅ ሲዘገን እንደ ዱቄት ሆነ። ይኼኔ ገበሬው ቡሬን እየነዳ ባልቴቷ ደጅ ደረሰ። «እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ። መሬቴ ለስልሷል፤ ከእንግዲህ ዳልቻ ይበቃኛል።» ባልቴቷ ስትሰጥ እንዳደረገችው ሁሉ ነገር ሳታነሳ ተቀበለች። ሁለት ዝናብ ጣለ። ኮትቻው አበጠ፣ ገጠመ፣ ውሃ አቆረ። ከመጀመሪያው ቀን ምንም አልተለየም። ገበሬው ዳልቻን ጠምዶ አንድ ትልም ሳይጨርስ መሐል ማሳ ላይ ቆመ፤ ጅራፉን ግን አላነሳም።

«መሬቱ የለሰለሰው በሬዎቹ ስለሄዱበት ነው እንጂ ጠባዩን የተወ መሰለህ?» አለችው ባልቴቷ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ደጇ ሲመጣ።

የጥንዱ ወሬ በቀበሌው ተሰማ። ከጭልሞ ደን በታች ተዳፋት ላይ የሚያርስ አንድ ሰው «ለሱ ከሠራ ለኔም ይሠራል» ብሎ ሁለቱን በሬዎች ለአንድ ቀን ተዋሰ። የሱ አፈር ኮትቻ አልነበረም፤ ቀላል፣ ሳሳ ያለ ቀይ አፈር ነው። ሁለቱ በሬዎች ያን መሬት እንደ ቅቤ ቀደዱት። የዚያን ዕለት ማታ የዘነበው ዝናብ አፈሩን ይዞት ወንዝ ገባ። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ የግራ በሬ ስታጣ እርጉዝ ላሟን ጠመደች። ላሚቱ ጽንሷን አስወረደች፤ ስለዚህ ነገር በመንደሩ ብዙ አልተወራም።

በሚቀጥለው ዓመት ሰኔ ሳይገባ ገበሬው ገለባ ተሸክሞ ባልቴቷ አጥር ላይ ቆመ። ባልቴቷ ገለባውን ከመቀበሏ በፊት የጠየቀችው ስለ ዳልቻ አንገት ነበር።

ምሳሌው ይህ ነው። ፍቺውን ሳላንዛዛ ልናገር።

ኮትቻው የደም ግፊት ነው፤ በአንድ ምክንያት ብቻ የማይጠብቅ፣ ሲለሰልስም ጠባዩን የማይተው። በኢትዮጵያ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከመቶው 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ግፊቱን ከፍ አድርገው የሚይዙት የደም ሥሮች መጥበብ፣ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመ ጨውና ውሃ፣ ከኩላሊት የሚነሳ «ጥበቡ» የሚል የሆርሞን ትዕዛዝም ናቸው። አምሎዲፒን የሥሮቹን ጡንቻ ያላላል፤ ዳልቻ እሱ ነው። ሀይድሮክሎሮታያዛይድ (ባጭሩ ታያዛይድ) ጨውንና ውሃን በሽንት ያስወጣል፤ ቡሬ እሱ ነው። ኤናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪልና ሎሳርታን የሆርሞኑን ትዕዛዝ ያግዳሉ። በአንዱ በር ብቻ ሲገፋ ሰውነት በሌላው በር ይመልሳል። ውሃው በሽንት ሲወጣ ኩላሊት ደንግጦ ሥሮቹን ለማጥበብ ይሞክራል፤ ያን ሙከራ ደግሞ ኤናላፕሪል ይይዘዋል።

ያቺ «አንዲት ትልም» የፈጠራ ጨዋታ አይደለችም። በ2009 (እ.ኤ.አ.) 42 ጥናቶችንና 11,000 ያህል ታካሚዎችን ያሰባሰበ ትንተና እንዳሳየው፣ ሌላ ዓይነት መድኃኒት መጨመር የአንዱን መጠን እጥፍ ከማድረግ አምስት እጥፍ ያህል የበለጠ ግፊት ያወርዳል። መጠኑ ሲጨምር ግን የጎንዮሽ ጉዳቱ አብሮ ይጨምራል፤ በአምሎዲፒን የሚመጣው የቁርጭምጭሚት እብጠት ዋናው ምስክር ነው። በጤና ጣቢያ ወረፋ ላይ «አልሠራልኝም፣ ጨምሩልኝ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ መድኃኒት በትንሽ መጠን ነው። ከአምሎዲፒን ጋር ኤናላፕሪል ሲጣመር እብጠቱ ራሱ ይቀንሳል። ታያዛይድ ከደም ውስጥ ፖታሲየም ሲያጎድል፣ ኤናላፕሪልና ሎሳርታን ወደ ላይ ያነሱታል። እኔ ከጥምሩ ሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን ነው፤ አንዱ የሌላውን ጉዳት መሸከሙን።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1967 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ግፊታቸው በጣም ከፍ ባለ 143 የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተደረገው የታወቀ ጥናት የተሠራው በሦስት መድኃኒቶች ጥምር ነው። የማስመሰያ ኪኒን ከወሰዱት መካከል 27ቱ ከባድ ጉዳት ሲደርስባቸው፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት የደረሰባቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። ወደ እኛ የሚቀርበው ግን በ2019 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ነው። በናይጄሪያ፣ በካሜሩን፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በሞዛምቢክና በደቡብ አፍሪካ 728 ጥቁር ታካሚዎች ሦስት ዓይነት ጥንድ ተሰጣቸው። አምሎዲፒን ያለባቸው ሁለቱ ጥንዶች፣ አምሎዲፒን ከሌለበት በተሻለ ግፊቱን አወረዱ። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት መድኃኒት በአንድ ፍሬ የያዙ የግፊት ኪኒኖችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ፤ በ2021 (እ.ኤ.አ.) መመሪያው ደግሞ ሕክምናውን በጥምር፣ ከተቻለም በአንድ ፍሬ መጀመርን መከረ። አንዷ ፍሬ ካልተገኘች ሁለቱን ለየብቻ መዋጥ ያው ነው፤ አንዷ ፍሬ የምትጠቅመው ከሁለቱ አንዱ እንዳይረሳ ነው።

እንደ ሁለቱ የቀኝ በሬዎች የሚጋፉት ኤናላፕሪልና ሎሳርታን ናቸው። የሚሄዱት በአንድ ፈር ነው። ከ25,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2008 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት የእነዚህን ዘመዶች አጣምሮ አየ፤ ጥቅሙ አልጨመረም፣ የኩላሊት ጉዳትና የራስ መዞር ግን ጨመረ። እርጉዟ ላም ትርጓሜ አያስፈልጋትም፤ እነዚሁ መድኃኒቶች ጽንስን ይጎዳሉ። ያረገዘች ወይም ልታረግዝ ያሰበች ሴት ለሐኪሟ ቀድማ ትንገር፤ ለእርጉዝ የሚሆኑ እንደ ሜቲልዶፓ ያሉ መድኃኒቶች አሉ። የጎረቤትን የግፊት ኪኒን መዋስም የተዳፋቱ ሰውዬ ሥራ ነው፤ ከኛ ሰፈር ሲጠፋ አላየሁም።

የባልቴቷ መዳፍ የግፊት መለኪያውና የደም ምርመራው ነው። ጥምሩ ተጀምሮ ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ይታዘዛል፤ «ምንም አላመመኝም» ተብሎ የሚቀር አይደለም። ተቅማጥ ወይም ትውከት የጠናበት ቀን፣ ታያዛይድና ኤናላፕሪል ሰውነት ባጣው ውሃ ላይ ሌላ ስለሚያጎድሉ፣ ጤና ባለሙያ ጠይቆ ለጊዜው ማቆም ሊያስፈልግ ይችላል። ብዙ ገበሬ ለወገቡ የሚውጠው ዲክሎፌናክ ደግሞ ግፊቱን ያነሳል፤ ከእነዚህ ሁለቱ ጋር ሲገናኝ ኩላሊትን ይጎዳል። ኤናላፕሪል የጀመረ ሰው የማይለቅ ደረቅ ሳል ከያዘው መድኃኒቱ ሊሆን ስለሚችል ይናገር፤ የሚተካው አለ። ከንፈሩ ወይም ምላሱ ካበጠ ግን ያንኑ ሰዓት ወደ ሕክምና ይሮጥ፣ ኪኒኑንም ዳግም አይንካው።

ጾመኞች «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዴት ልዋጥ?» ይላሉ። በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ማታም ይሆናል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ብሪታኒያ ውስጥ ከ21,000 በላይ ሰዎች ጠዋትና ማታ ተከፍለው ሲታዩ በልብና በአንጎል ላይ ያመጣው ልዩነት አልነበረም። የሚሻለው በየቀኑ በአንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ታያዛይድ ያለበት ግን ሌሊት ለሽንት ያስነሳል፤ ሽንት ቤቱ ደጅ ለሆነ ሽማግሌ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሐኪሙን ያማክር።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጥምሯ አንዲት ፍሬ ስለሆነች ስሟም አንድ ይመስላል። አምሎዲፒን በውስጧ እንዳለ ያላወቀ ሰው ሌላ ቦታ ሄዶ አምሎዲፒን ለብቻው ሲታዘዝለት ሁለቱንም ይውጣል፤ ዳልቻ ሁለት ጊዜ ተጠመደ ማለት ነው። ፋርማሲው መስኮት ላይ «በዚህች ውስጥ እነማን ናቸው? ስንት ስንት ሚሊግራም?» ብሎ ጠይቆ በወረቀት ማስጻፍና ወረቀቷን ከመታወቂያ ጋር አጥፎ ማስቀመጥ ነው። ከጊንጪ ወጥቶ አዲስ አበባ መርካቶ ላይ ራሱን የሳተ ሰው ኪሱ ሲፈተሽ፣ ሐኪሙ ከብሩ በፊት የሚፈልገው ያችኑ ወረቀት ነው።